ለፍርሃት ወንበር የምታቀርበው ዝናሽ

ዝናሽ ማረፏን የነገረኝ ስልኬ ነው። እድራችን በጥሩምባ መለፈፉን ትቶ በስልክ መልእክት መላክ የጀመረው በእኔ ሐሳብ ነው፤ የማይቀበል ካለ ይምጣና ይጠይቀኝ። መልእክቱ አጭር ነበር። "አባላችን ወይዘሪት ዝናሽ አርፈዋል። ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት። የቀረ ይቀጣል።"

"የቀረ ይቀጣል" የሚለው ላይ ስደርስ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅ አመለጠኝ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አፈጠጠችብኝ።

"ምን ተገኘ?"

"ዝናሽ ሞተች።"

"እና ትስቃለህ?"

ከሳቁ ጋር እንባም አብሮ መምጣቱን አላየችም። ይህች "የቀረ ይቀጣል" የምትባል ነገር ከዝናሽ ጋር የቆየ ጠብ አላት። ለባለቤቴ ለማስረዳት አቅሙ አልነበረኝም። ለእናንተ ግን አስረዳለሁ።

በመጀመሪያ ማን እንደሚያወራችሁ እወቁ። በየነ እባላለሁ። ከመሳለሚያ እስከ ምን አለሽ ተራ የስፌት መኪና የተበላሸበት ልብስ ሰፊ ሁሉ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የበሩን ማጠፊያ ልጠግን። ፊደል የለየሁት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ዛሬ ጠበቃ ሲሳሳት አርማለሁ፤ ሐኪም ሲያመነታ እረዳዋለሁ። የእድሩ ዳኛ ሆኜ የተመረጥኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ስል ለመኩራራት አይደለም፤ ምስክርነት የሰጠው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ምስክርነቱ ዋጋ የለውም ብዬ ነው።

ዝናሽ ጎረቤቴ ነበረች። ክር፣ ዚፕ፣ ላስቲክና የልብስ ቁልፍ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቋ ከእኔ ሱቅ የምትለየው በአንድ ቆርቆሮ ነበር። ስታስነጥስ "ይማርሽ" የምላት እኔ ነበርኩ። አጭር፣ ድምፀ ጎርናና፣ የቀሚሷ ኮሌታ ላይ ሁልጊዜ መርፌ የማይጠፋ ሴት ነበረች። ሰው ሲያወራት አንድ የኮት ቁልፍ በጣቶቿ መሐል እያሽከረከረች ታዳምጥ ነበር። ቁልፉ ከቆመ፣ ሰውየው የሚያወራው ነገር ውሸት ነው ማለት ነው። እኔ ፊት አንዳንድ ጊዜ ይቆም ነበር፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከሱቋ ጀርባ ባለችው ክፍል እናቷ እማማ ጥሩነሽ ይኖሩ ነበር። እግራቸው አልሄድ ካላቸው ቆይቶ ነበር። ዝናሽ ሌላ ሰው አልነበራትም፤ እሳቸውም ከእሷ ሌላ አልነበራቸውም።

በሽታው የጀመራት ታክሲ ውስጥ ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆሟል፤ ሕዝቡ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቋል። በድንገት ልቧ ደረቷን ሊሰነጥቀው ደረሰ፤ እጇ ደነዘዘ፤ አየር አጠራት። ሞቴ ደረሰ ብላ "ወራጅ አለ!" ብላ ጮኸች።

ረዳቱ ዞር ብሎ፣ "እናቴ፣ ድልድይ ላይ ማን ይወርዳል? ወንዝ ውስጥ ነው የምትገቢው?" አላት።

ወረደች። በእግሯ፣ ግድግዳ እየያዘች ቤቷ ገባች። ሐኪም ቤት ሄደች፣ ልብሽ ደህና ነው አሏት። ሌላ ሐኪም ቤት ሄደች፣ አሁንም ልብሽ ደህና ነው አሏት። ከዚያ በኋላ ግን ታክሲ አልተሳፈረችም። ቀጥሎ ከመሳለሚያ ወዲያ ማለፍ ቀረ። ቀጥሎ ከእኛ ተራ መውጣት ቀረ። በመጨረሻ ከሱቋ ደፍ ወዲያ እግሯን ማንሳት አቃታት። ዓለም እንደ ታጠበ ሱፍ በላይዋ ላይ ጠበበ።

እንግዲህ የመርካቶን ብልህነት እዚህ ላይ እዩልኝ። ሌላ ሰፈር ቢሆን ሰው ከቤቱ አልወጣ ሲል ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር። መርካቶ ግን ከሱቁ የማይነቃነቅ ሰው ምን ይባላል? ጎበዝ ነጋዴ ይባላል! ዕቃ ጅምላ አከፋፋዩ ደጇ ድረስ ያመጣላታል፤ ምሳ አጠገቧ ካለው ምግብ ቤት ይመጣል፤ ገዢው ራሱ ይመጣል። በበሽታ የታሰረች ሴት የትጋት ምሳሌ ሆነች።

ይበልጥ ያሞገሳት ደምሴ ነው። ደምሴ የበርበሬ ነጋዴና የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነበር፤ ድምፁ ከበርበሬው በላይ የሚያስነጥስ። ሠራተኞቹን ሰብስቦ በጣቱ ወደ እሷ እያመለከተ፣ "ያቺን ሴት እዩ! ለምሳ አትወጣ፣ ለበዓል አትወጣ፣ ለሽንት እንኳን የምትወጣ አይመስለኝም። እናንተ ግን ፀሐይ ስትወጣ ሻይ፣ ስትጠልቅ ሻይ!" ይላል። ዝናሽ ከሱቋ ውስጥ ሆና ትሰማለች። ቁልፏን ታሽከረክራለች።

ሙገሳው የተገለበጠው ሰው መሞት ሲጀምር ነው። በእድር ደንብ አባል ቀብር መውጣት አለበት፤ ድንኳን ገብቶ መቀመጥ፣ ስም ሲጠራ "አቤት" ማለት አለበት። ዝናሽ ቀረች። ሌላ ሰው ሞተ፤ ቀረች። ቅጣት ትልካለች፣ እሷ ግን የለችም። ሰፈሩ ወዲያው ተርጓሚ አገኘ። "ሬሳ በደጇ ሲያልፍ ዚፕ ትለካለች" ተባለ።

ያን ጊዜ ነው እኔ ነገሩን የደረስኩበት። አንድ ቀን ልገሥጻት ገባሁ።

"አንቺ፣ ስብሰባ አለ። እኔ አለሁልሽ፣ ነይ ተነሺና ስለ ራስሽ ተናገሪ።"

"እሺ ጋሼ" አለችና ተነሣች። ደፉ ጋ ደረሰች። እጇ መቃኑን ያዘ። ቀልዷን መስሎኝ ነበር፤ ጣቶቿን ሳይ ነጭ ሆነዋል።

"ጋሼ፣ አልወጣም አለኝ እኮ።"

"ማነው እሱ?"

"እግሬ። ልወጣ ስል ልሞት ነው የሚለኝ።"

እኔ ነገር ቶሎ ይገባኛል። እዚያው ቆሜ አስረዳኋት። "ስሚ፣ የስፌት መኪና ላይ የክር ማጥበቂያ ብሎን አለ። ብሎኑ ከጠበቀ ክሩ ይበጠሳል። ልብስ ሰፊው መኪናው ተሰበረ ብሎ እያለቀሰ ያመጣልኛል። መኪናው ግን አልተሰበረም። ያንቺም ብሎን ነው።" ቁልፏን ሳታሽከረክር ሰማችኝ። በኋላ የሥነ ልቦና ሰው ስትሆን ይህችን የብሎን ነገር ለታማሚዎቿ ሁሉ ትነግር ነበር። ሳይንሱ ከእኔ በመውሰዱ ቅር አልተሰኘሁም፤ ስሜን ቢጠራ ግን ምን ነበረበት?

በዚያው ሰዓት ከኋላ ክፍል የእማማ ጥሩነሽ ድምፅ መጣ። "በየነ! ልጄን ይሰርዟታል አሉ?"

"እኔ እያለሁ፣ እማማ!"

"ከሰረዟት እኔን ማን ይቀብረኛል? ከነሕይወቴ ማንም አልጠየቀኝ፤ ሬሳዬን ደግሞ ውሻ ይሸኘው?"

ዝናሽ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ጉዳዩ ያኔ ገባኝ። ቅጣቱ ወይም ሐሜቱ አልነበረም ያስጨነቃት። እናቷ ያለ ድንኳን፣ ያለ ሰው ወደ መቃብር ሲወርዱ ይታያት ነበር። መውጣት ካልቻለች እናቷ ብቻቸውን ይቀበራሉ። ነገሩ ይኸው ነው።

ስብሰባው ተደረገ። ደምሴ ተነሣ።

"ሰው ሞቶ ሱቅ የማትዘጋ ሴት እዚህ እድር ውስጥ ምን ትሠራለች?"

"ታማለች" አልኩ።

"ምኗን?"

"መውጣት ትፈራለች።"

ተያዩ። ከዚያ ሳቁ። አንዱ ከኋላ፣ "እኔም እኮ ቀብር መውጣት እፈራለሁ፤ ፀሐዩን አልችለውም!" አለ።

ጸሐፊያችን አቶ ግርማ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ደንብ ካልጠቀሰ እንቅልፍ አይወስደውም። "ሕመምተኛ ከሆነች የሐኪም ማስረጃ ታምጣ" አለ።

"ሐኪም ቤቱ ጤነኛ ነሽ ብሎ ነው የመለሳት።"

"እንግዲያውስ ጤነኛ ናት!" አለ ግርማ፤ ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ብልህ ጉባኤ ፊት ነው ብቻዬን የቆምኩት።

ዳኛ ነኝና ፈረድኩ። የሚቀጥለው ሐዘን ላይ ድንኳን ገብታ ከተቀመጠች ስሟ ይቆያል፤ ካልተቀመጠች ይሰረዛል። ደምሴ እጁን እያወናጨፈ፣ "ተስማምቻለሁ! ምስኪን የሚቀጥለው ሟች! ለእሱ ብላ የምትዘጋ ይመስለዋል!" አለ።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ አንዲት ነጠላ የለበሰች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የያዘች ሴት ወደ ዝናሽ ሱቅ ትመላለስ ጀመር። አንድ ቁልፍ ትገዛለች። አንድ ብቻ! በማግስቱ ትመጣና ሌላ አንድ ትገዛለች። ደግሞ አመሏ የባሰ ነው፤ "ቀለሙን ፀሐይ ላይ ልየው" ትላለች። ይህ በእኛ ተራ የተለመደ ነው። ክርና ቁልፍ ከጨርቅ ጋር መግጠሙ በሱቅ ጨለማ አይታወቅም፤ ወደ ፀሐይ ይወጣል። ግን ሌላ ገዢ ራሱ ይዞ ይወጣል። ይህቺ ዝናሽን "አንቺ ይዘሽልኝ ነይ" ትላታለች። መጀመሪያ ደፉ ላይ። ከዚያ ከደፉ ዝቅ ብሎ። ከዚያ የቦዩ ክዳን ላይ። በመጨረሻ እኔ በር ላይ መጥታ ቆመችና፣ "እዚህ ጋ ፀሐዩ ይሻላል" አለች። በእውነቱ እኔ በር ላይ ፀሐይ የለም።

አላስቻለኝም። "እመቤት፣ ሸሚዙ ስንት ቁልፍ ቢኖረው ነው? ሴትዮዋን እኮ አደከምሻት!"

ዝናሽ በዚያች ቅጽበት ቁልፏን በመዳፏ ይዛ፣ ላቧ በግንባሯ እየወረደ፣ ከሱቋ ወጥታ የእኔ በር ላይ ቆማ ነበር። ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ!

"ጋሼ፣ ይህቺ ራሔል ናት። የሥነ ልቦና አማካሪ። በሬዲዮ ሰምቼ ደወልኩላት፤ መምጣት አልችልም ስላት እሷ መጣች።"

"ወንበር አለዎት?" አለችኝ ራሔል። ከእንጨቱ ወንበሬ ላይ ዘይት የነካውን ጨርቅ አንሥቼ ሰጠኋት። ዝናሽ ተቀመጠች። ተንቀጠቀጠች፣ ተቀመጠች፣ መንቀጥቀጡ ቀነሰ፣ ተመለሰች። በማግስቱም እንዲሁ። ስለዚህ በአዲስ ከተማ የመጀመሪያው የፍርሃት ክሊኒክ የእኔ ሱቅ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ራሔል የምትለውን አዳምጥ ነበር። አንድ ጊዜ ዝናሽ፣ "ፍርሃቱ ሲለቀኝ መሳለሚያ ድረስ እሄዳለሁ" ስትላት፣ "እስኪለቅሽ ከጠበቅሽ አብራችሁ ታረጃላችሁ። ይዘሽው ሂጂ" አለቻት። እኔ ይህን በሌላ አባባል ቀድሜ ብዬው ነበር፤ ግን አላስታውሰውም።

ከዚያ ደምሴ ሞተ።

አዎ፣ ራሱ ደምሴ። በበርበሬ ከረጢቶቹ መሐል ተቀምጦ ሠራተኛውን እየተቆጣ ሳለ ልቡ ቆመች። ለምስኪኑ የሚቀጥለው ሟች ሲያዝን ለማን እንዳዘነ አላወቀም ነበር። እድሩ ድንኳኑን ከመሳለሚያ ማዶ፣ የደምሴ ቤት ደጅ ላይ ተከለ። አቶ ግርማ በሱቃችን በኩል ሲያልፍ ዝናሽን እያየ ጉሮሮውን ጠረገ።

ጠዋት ዝናሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ደፉ ላይ ቆማለች። ራሔል በግራ፣ እኔ በቀኝ። ከኋላ ክፍል፣ "ሂጂ ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ ሂጂ!" ይላል የእማማ ድምፅ።

መንገዱ ሙሉ ነው። ተሸካሚዎች ጣቃ ጨርቅ በራሳቸው ጭነው "ጀርባ! ጀርባ!" እያሉ ይበራሉ፤ የማይሸሽላቸውን ገጭተው ነው የሚያልፉት። ተራችንን አለፍን። የአስፋልቱ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ዝናሽ ቀጥ ብላ ቆመች። ከንፈሯ ነጣ።

"ጋሼ" አለች ቀስ ብላ። "ወራጅ አለ።"

ክንዷን ይዤ ልጎትት ስል ራሔል እጄን አነሣች። "አንጎትታትም። እንቆማለን።"

"አስፋልት ላይ?!"

"አስፋልት ላይ። ዝናሽ፣ ፍርሃቱ ይምጣ። መጥቶ ይብቃው።"

ቆምን። ታክሲ ጥሩምባ ነፋብን። አንድ ተሸካሚ፣ "ሼባው! ፎቶ እየተነሣችሁ ነው እንዴ? ዞር በል!" አለኝ። እኔን፣ የእድር ዳኛውን! ሌላ ጊዜ ቢሆን መልሱን ያገኝ ነበር። ዝናሽ ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች፤ ነጠላዋ እንደ ባንዲራ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ትንፋሿ ረዘመ። ዓይኗን ገለጠች። ዙሪያዋን እንደ እንግዳ ሰው አየችና፣ "አልሞትኩም" አለች። ተሸካሚው፣ "ገና ነው፣ ካልለቀቃችሁልኝ!" አላት። እየሳቀች ተሻገረች።

ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ ሰው ሁሉ ዞረ። ዝናሽ ከመውጫው አጠገብ ተቀመጠች። ከጎኗ አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ ከደምሴ ዘመዶች አንዱ መጥቶ ሊቀመጥ ሲል እጇን አስቀደመች።

"ሰው አለበት።"

ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ አለፈ። ጠጋ ብዬ፣ "ማን አለበት?" አልኳት።

"እሱ ነዋ" አለች ወደ ባዶው ወንበር እያየች። "እስከዚህ ድረስ አብሮኝ መጥቶ ቆሞ ይዋል እንዴ?"

ግርማ ስም ጠራ። "ዝናሽ!" "አቤት!" አለች፤ በዚያ ጎርናና ድምፅ ድንኳኑ ተናጋ። ስሟ ከመሰረዝ ዳነ። የሚገርመው ግን ትርፉን ያገኘው ሟቹ ነው። የደምሴ ባለቤት የዝናሽን አንገት አቅፋ፣ "ለእሱ ብለሽ ሱቅሽን ዘጋሽ!" ብላ አለቀሰች። በማግስቱ ገበያው በሙሉ፣ "ደምሴ ምን ዓይነት ደግ ሰው ቢሆን ነው ዝናሽ እንኳን የዘጋችለት?" ይል ጀመር። በሕይወቱ ያላገኘውን ስም አገኘ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ ሄደ። ዝናሽ ድልድዩን በታክሲ እየተሻገረች የማታ ትምህርት ተማረች። ሥነ ልቦና ነው። ሁልጊዜ የምትቀመጠው በር አጠገብ ነበር፤ ሌላ ቦታ ካገኘች ቀጣዩን ታክሲ ትጠብቃለች። መጽሐፎቿን ሱቄ መጥታ ታነብልኛለች፤ እኔ የተሳሳተውን አርማለሁ። "ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እርስዎን ሳያማክሩ መጻፋቸው ነው ጉዳቱ" ትለኛለች። እኔም ይህንኑ እላት ነበር።

እማማ ጥሩነሽ የምርቃቷን ልብስ አይተው፣ ጥቂት ቆይተው ዐረፉ። እድሩ ሙሉ ድንኳን ተከለ። ዝናሽ ከሬሳው ኋላ ከሁሉም ፊት ሆና እስከ መቃብር በእግሯ ሄደች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ክንዷን ለመያዝ። አልፈለገችኝም።

የቆርቆሮ ተራችን ፈርሶ ፎቅ ሲሠራ እሷ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይታ "ዝናሽ የሥነ ልቦና ምክር" የሚል ጽሑፍ ሰቀለች። መርካቶ ተሳለቀ። "ወሬ በገንዘብ? እኛ በነፃ ስናወራላት አልነበር?" ተባለ። ግን ይመጡ ነበር። ችግሩ መታየት ነው፤ ከዝናሽ ቢሮ ሲወጣ የታየ ነጋዴ ዕብደት ጀምሮታል ተብሎ ዱቤ ይከለከላል። እሷ መፍትሔ አታጣም። በሯ ላይ አንድ ትልቅ ብልቃጥ ቁልፍ አስቀመጠች። እያንዳንዱ ሰው ሲወጣ አንዱን ይዞ ይወጣል፤ የጠየቀው ካለ፣ "ቁልፍ ልገዛ ገብቼ" ይላል። አንድ ሰሞን የሰፈሩ ሀብታሞች ሁሉ ኪሳቸው ውስጥ ቁልፍ ይንከባለል ነበር።

አንድ የጣቃ ጅምላ ነጋዴ ነበር፤ ከመኪናው የማይወርድ። መስኮቱን ዘግቶ፣ በስልክ እያዘዘ፣ ተሸካሚዎቹን በጣቱ እየጠቆመ ይነግዳል። "ትዕቢተኛ፣ አፈራችንን እንኳን መርገጥ ይጸየፋል" ይባል ነበር። ዝናሽ ከመስኮቷ አየችው። ወረደችና የመኪናውን መስኮት አንኳኳች።

"ምን ፈለግሽ?" አለ መስኮቱን በስሱ ከፍቶ።

"ምንም። መቀመጫ ካለ ልረፍ ብዬ።"

ገብታ ተቀመጠች፤ ቆሎ ከኪሷ አውጥታ ትቆረጥም ጀመር። በሌላ ቀን መስኮቱ ወረደ። በሌላ ቀን በሩ ተከፈተ። ከዚያ አንድ ጠዋት ያ የተፈራ ነጋዴ፣ አንድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ፣ ላቡ እንደ ጎርፍ ሲወርድ አየሁት። ዝናሽ ከወዲያ ቆማ የክር ጥቅልል ዘርግታ፣ "ቀለሙን ፀሐይ ላይ እዩልኝ" ትለዋለች። ሰፈሩ፣ "ትዕቢቱ በረደለት" አለ። ሰፈሩ መቼ ነገር ገብቶት ያውቃል?

ቢሮዋ ውስጥ ሦስት ወንበር ነበር። አንዱ የእሷ፣ አንዱ የሰውየው፣ ሦስተኛው የፍርሃቱ። የሚደውልላትን ሁሉ፣ "ፈርቼ አልመጣም" ሲላት፣ "እሱንም ይዘኸው ና፤ ወንበር አለኝ" ትለዋለች። ሦስተኛው ወንበር እግሩ ይወዛወዝ ነበር፤ የጠገንኩት እኔ ነኝ።

የእኔ አዲሱ ሱቅ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት አለ፤ እኔ ግን በደረጃ ነው የምወጣው። ስፖርት ነው። ደግሞም ብረት ሠራተኛ ነኝና የሊፍት ገመድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ መንጠልጠል የብልህ ሰው ሥራ አይደለም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስደርስ ትንፋሼን ለመሰብሰብ ትንሽ እቆማለሁ። ዝናሽ ብቅ ትላለች።

"ጋሼ፣ ዛሬም ስፖርት ነው?"

"ስፖርት ነው።"

"ይግቡና ይረፉ።" እገባለሁ። ያንን ሦስተኛ ወንበር ጎትታ ከአጠገቤ ታስቀምጠዋለች።

"ይህ ለማን ነው?" አልኳት መጀመሪያ ቀን።

"ለስፖርቱ" አለችኝ። ቁልፏ በጣቶቿ መሐል ቆሞ ነበር።

አንድ ቀን እኔን ልትሸኝ ብላ ሊፍቱ በር ላይ ቆመች። በሩ ተከፈተ። አልገፋችኝም፤ አልጎተተችኝም። ዝም ብላ ቆመች። በሩ ተዘጋ። እንደገና ጫነችው፤ ተከፈተ፤ ቆምን፤ ተዘጋ። ሰው እየገባ እየወጣ፣ "ትገባላችሁ ወይስ ትጠብቁታላችሁ?" ይለናል። "ፀሐይ ላይ እያየነው ነው" ትላቸዋለች። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን እንዲህ እንቆም ነበር። ገመዱን በቅርብ ለመመርመር ብዬ ነው የምቆመው።

ከዚያ ታመመች፤ የሰውነት ሕመም ነው፣ ቶሎ ጨረሳት። ሆስፒታል ልጠይቃት ስሄድ አልጋዋ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በደረጃ ወጣሁ። ስደርስ ጉሮሮዬ ሲያፏጭ ሰማችና፣ "ጋሼ፣ እዚህም ስፖርት?" አለች። ድምፁ ብቻ ነበር የቀራት። "ሲገቡ ይዘውት ይግቡ እንጂ ውጭ ጥለውት አይግቡ። ተከትሎ ነው የሚያደክም።" የሞት አልጋ ላይ ስለ ሊፍት ማውራት ምን ይባላል? ተቆጣኋት። ሳቀች።

ቀብሩ ላይ ስም የምጠራው እኔ ነበርኩ፤ ግርማ ጉልበቱን አሞታል። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞላ፤ የማላውቃቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ከየት እንደመጡ ወዲያው አወቅኩ፤ ከመውጫው ዙሪያ ተጠቅጥቀው፣ ዓይናቸው በሩ ላይ፣ ጉልበታቸውን ጨብጠው የተቀመጡ ናቸው። የጣቃ ነጋዴው አለ። አንዲት የማላውቃት ወጣት አለች፤ ራሔል ሸብታ ጥግ ላይ አለች። ከእያንዳንዳቸው ጎን አንድ ወንበር ባዶ ነው።

የዕቃ ኃላፊያችን እየተበሳጨ መጣ። "ጋሼ በየነ፣ እንግዶቹን ይናገሩልኝ። አንድ ሰው ሁለት ሁለት ወንበር ይዟል! ሰው ቆሟል፤ ተነሡ ስላቸው 'ሰው አለበት' ይሉኛል። ማንም የለበትም!"

"ተዋቸው።"

"ጋሼ፣ ደንቡ እኮ..."

"ዳኛው እኔ ነኝ። ከምን አለሽ ተራ ማዶ ካለው እድር ወንበር ተዋስ።"

እያጉረመረመ ሄደ። እኔም ደክሞኝ ነበርና ከመውጫው አጠገብ ተቀመጥኩ። ባርኔጣዬን አውልቄ ከጎኔ ካለው ወንበር ላይ አኖርኩ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጎልማሳ መጣና ባርኔጣዬን ቀስ ብሎ አንሥቶ ሊቀመጥ ሲል እጄን አስቀደምኩ።

"ሰው አለበት" አልኩት።